የመስቀል ጎመን ክትፎ፦ ቅቤውን ቀንሶ፣ ጣዕሙን ሳይቀንሱ

ጎመን ክትፎ በጉራጌ ምድር ከመስቀል ጋር አብሮ የሚነሳ ምግብ ነው። የተቀቀለ ጎመን በደቃቁ ይከተፋል፤ በተነጠረ ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በቅመም ይታሻል፤ ከአይብ ጋር ይቀርባል። ስጋ የለበትም። ስሙን ያገኘው ከአከታተፉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክትፎ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አይቶታል። በጣባ ከቀረበው ክትፎ ጎን፣ ከቆጮው አጠገብ፣ አረንጓዴና ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። ከተሜው ማባያ ነው ብሎ ያልፈዋል።

በአገሩ ግን ማባያ ብቻ አይደለም። በመስቀል ሰሞን፣ ከብቱ ከመታረዱ በፊት፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጎመን ክትፎ የሚበላበት የራሱ ጊዜ አለው። ለዚያ ቀን የሚሆነው ቅቤ በአንድ ሳምንት አይገኝም። እናቶች ዊጆ በሚባለው የቅቤ ዕቁብ ተራ በተራ እያዋጡ፣ ለወራት ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። ስለዚህ ጎመኑ ላይ የሚፈሰው ቅቤ የዓመት ልፋት ነው፤ እንግዳ ማክበሪያም ነው። "ቅቤ ቀንሱ" ሲባል ብዙ ሰው ቅር የሚለው ለዚህ ነው። እኔም ቅቤው ከነጭራሹ ይውጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

እንዲያውም ከበዓል ምግቦቻችን ሁሉ ለጤና ማስተካከል ቀላሉ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መሠረቱ ቅጠል ነው፤ አጃቢው አይብ ነው። የሚያስቸግሩት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ የቅቤው መጠን፣ ጨው፣ እና ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብ። እነሱን ካስተካከልን ሌላውን መንካት አያስፈልግም።

ጎመኑ ራሱ የአገር ልጅ ነው። የሐበሻ ጎመን የምንለው ተክል ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ሲሆን፣ መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገኖች ተዳቅለው የተገኘ ዝርያ ነው። ያቺ ምላስ ላይ ትንሽ የምታቃጥል ጣዕም ከሰናፍጩ በኩል የመጣች ናት። ቅጠሉ ቫይታሚን ኬ፣ ቫይታሚን ሲ፣ ፎሌትና ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታ ካሮቲን አለው። ካልሲየምም አለው። ቆስጣም ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ከጎመን የሚገኘውን ግን ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል።

የተለመደው አሠራር ጎመኑን በብዙ ውሃ እስኪልም ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ነው። ችግሩ ቫይታሚን ሲና ፎሌት በውሃ የሚሟሙ መሆናቸው ነው። ከውሃው ጋር አብረው ይደፋሉ። የተሻለው መንገድ እንዲህ ነው። ቅጠሉን አንድ በአንድ እጠቡ፤ ወፍራሙን አገዳ አውጡ፤ ሳትቆራርጡ ሰፊ ድስት ውስጥ ክተቱ። ከእጥበቱ በቀረው ውሃ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሲኒ ውሃ ብቻ ጨምሩና ክደኑት። በራሱ እንፋሎት ይበስላል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ጠንከር ያለ ጎመን 20 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። ባሕር ወለል አጠገብ ያለ ሰው 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ እንደሆነ ማውጣት ነው። ወደ ቡኒ ከሄደ ዘግይታችኋል።

ቀጥሎ ትሪ ላይ ዘርግቶ ማብረድ፣ ከዚያ መጭመቅ። አንድ እፍኝ ይዛችሁ በሁለት እጅ ጨብጡት። መጀመሪያ አረንጓዴ ውሃ በጣቶቻችሁ መሃል ይወርዳል፤ ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል፤ በመጨረሻ እጃችሁ ላይ የቡጢ ያህል ጠንካራ ድቡልቡል ይቀራል። ከዚህ በላይ አታስጨንቁት። የተጨመቀውን ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ተቀበሉና ለሾርባ አውሉት። አለመደፋቱ ነው ዋናው ነገር።

ክትፊያው በመክተፊያ ጣውላና በትልቅ ቢላ ይሁን። ብሌንደር አይሆንም። ብሌንደር ጎመኑን ያልመዋል፤ ውሃ ያስወጣዋል፤ የሚገኘው ክትፎ ሳይሆን ሊጥ ነው። በቢላ ሲከተፍ ግን እያንዳንዷ ፍንጣሪ ለብቻዋ ትቀራለች፤ ቅቤውም ጥቂት ሆኖ ሁሉንም ያዳርሳል። ያላሰለሰ ክትፊያ ቅቤ ይቆጥባል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ቅቤው። የተነጠረ ቅቤ ውሃውና አንጉላው ስለወጣለት መቶ በመቶ የሚጠጋ ስብ ነው። ከስብነቱም 60 በመቶ ገደማው የሳቹሬትድ ስብ፣ ማለትም መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ ስብ የምናገኘው ጉልበት ከዕለቱ ምግብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ያህል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ጎመን ለስድስት ሰው ቢቀርብና 200 ግራም ቅቤ ቢፈስበት፣ ለአንድ ሰው 20 ግራም የሚሆን የሳቹሬትድ ስብ ይደርሰዋል። ክትፎው ገና ሳይቀመስ የቀኑ ድርሻ ከጎመኑ ብቻ አለቀ ማለት ነው።

በሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ማለትም በ28 ግራም ገደማ፣ ያው ምግብ ለአንድ ሰው የሚያደርሰው 3 ግራም ያህል ነው። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ታዲያ ለምን ዜሮ አናደርገውም? ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኬ ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት ስብ ይፈልጋሉ። ያለ ምንም ስብ የተበላ ጎመን ከእነዚህ የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል። እናቶቻችን ጎመንን ከቅቤ ያጋቡት ለጣዕም ቢሆንም፣ ሥራው ትክክል ነበር። የሚስተካከለው መጠኑ ነው።

በጥቂት ቅቤ ብዙ መዓዛ ለማግኘት ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው አነጣጠር ላይ ነው። የኮረሪማ፣ የኮሰረት፣ የአብሽና የእርድ ሽታ በስብ ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ለዚህ ምግብ የሚሆነውን ቅቤ ለብቻው በትንሹ አንጥሩና ቅመሙን ከወትሮው እጥፍ አድርጉት። እሳቱ ለስለስ ያለ ይሁን፤ ኮሰረቱ እንዳያር። ሁለተኛው ጊዜው ነው። ቅቤው ጎመኑ ላይ አብሮ መቁላላት የለበትም። ጎመኑ ከወረደ በኋላ፣ ለብ እንዳለ፣ በመጨረሻ ጨምሩት። ያኔ መዓዛው አናት ላይ ይቀራል፤ አፍንጫ ቀድሞ ያገኘዋል፤ የበላው ሰውም ብዙ ቅቤ ያለው ይመስለዋል። ገበያ ላይ ንጹሕ ቅቤ ከአትክልት ቅቤ ጋር ተደባልቆ የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ፣ ለጋውን ገዝቶ ቤት ማንጠር በሁሉም በኩል ይሻላል።

ለጨው ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንዲት የሻይ ማንኪያ ናት። ሚጥሚጣው ራሱ ብዙ ጊዜ ጨው አለበት። ቀምሳችሁ ጨምሩ፤ ለአንድ ኪሎ ጎመን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የጎደለውን ደቆ የገባ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አዲስ የተፈጨ ኮረሪማ ይሞላዋል።

አይቡ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አይብ ከብዙ አገር አይቦች የሚለየው ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚሠራ መሆኑ ነው። ወተቱ ይረጋል፤ ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ይሞቃል። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ጓል ከአጓቱ ይለያል። ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ገደማ አይብ ይገኛል። ስቡ ትንሽ ነው፤ ፕሮቲኑ ብዙ ነው። ከፕሮቲን ድሃ ከሆነው ቆጮ ጋር መጋባቱም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ቆጮና ጎመን ያላመጡትን አይቡ ያመጣል።

አደጋው ያለው ወተቱ ላይ ነው። በልማድ ወተቱ ሳይፈላ ነው የሚረጋው። ካልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና ሌሎች በሽታዎች ሊተላለፉ ይችላሉ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና አዛውንት ባሉበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሬራው ብዙ ጊዜ እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ብቻ ነው የሚሞቀው፤ ያ ጀርሙን ሁሉ ለመግደል አይበቃም። መፍትሔው ከመጀመሪያው መነሳት ነው። ወተቱን አፍሉት፤ ለብ እስኪል አብርዱት፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምራችሁ ሸፍናችሁ አሳድሩት። የእርጎው ተዋህስያን ሥራቸውን ይሠራሉ። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ማሰሮ ወይም ጠርሙስ እየናጣችሁ ቅቤውን አውጡ። አሬራውን ስታሞቁ እስከ 70 ዲግሪ ብትደርሱ አይቡ አይበላሽም፤ መጠኑም እምብዛም አይቀንስም። ሳትቸኩሉ፣ ሳታማስሉ። ካማሰላችሁት ጓሉ ይፈራርስና በማጥለያው ያልፋል። ሲጠል አንድ እንጨት ጤና አዳም ጣል ብታደርጉበት ሌላ ነገር ይሆናል።

ውጭ አገር ያለ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። የሱፐርማርኬት ወተት አብዛኛው ሆሞጂናይዝድ ነው። ስቡ በማሽን ተበታትኖ ስለተዋሃደ ቢናጥ ቅቤ አይወጣውም። ስለዚህ ብዙዎች ሙሉ ስብ ያለውን ወተት አፍልተው ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ያደርጉበታል። የሚወጣው ነጭ ነው፤ ያምራል፤ አይብ ይመስላል። ነገር ግን ስቡ በሙሉ ጓሉ ውስጥ ቀርቷል። አሜሪካ ያላችሁ፣ አነስተኛ ስብ ያለውን በተርሚልክ ገዝታችሁ በለስላሳ እሳት ብታሞቁት፣ የሚወጣው ከአገር ቤቱ አይብ ጋር በጣም ይቀራረባል። በተርሚልክ ድሮ ከአሬራ ጋር አንድ ነገር ነበር፤ የዛሬው በእርሾ ረግቶ የሚሠራ ቢሆንም ሥራውን ይሠራል። ኮቴጅ ቺዝ የምትጠቀሙ ከሆነ መለያው ላይ ሶዲየሙን፣ ማለትም ከጨው የሚመጣውን ንጥረ ነገር፣ አንብቡ። ግማሽ ኩባያው ብዙ ጊዜ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ አለው። ወንፊት ላይ አድርጎ በውሃ ማለቅለቅ ይቀንስለታል። ለጎመኑ ኮላርድ ግሪን ቅርቡ ነው፤ ኬልም ይሆናል፤ ኬል ግን ቶሎ ስለሚበስል 10 ደቂቃ አታሳልፉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በቤታችሁ ካለ፣ የጎመን ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሳል። ጎመን ፈጽሞ አይብላ ማለት አይደለም። በበዓሉ ቀን ድንገት ከወትሮው በጣም ብዙ መብላት ነው ችግሩ። ከሐኪሙ ጋር ቀድሞ ይነጋገር። በሌላ በኩል ጥሬ ስጋ ለማይበላ እንግዳ፣ ለነፍሰ ጡርም ሆነ ኮሶን ለሚፈራ፣ በደንብ የተሠራ ጎመን ክትፎ በክትፎ ገበታ ላይ ያለ ሐሳብ የሚጎረስ ነገር ነው። "ለአንቺ የሚሆን የለም" ከማለት የሚያድን ምግብ ነው።

ሲቀርብ አይቡን ከጎመኑ ጋር ቀድማችሁ አትለውሱት። ጎመኑ በጣባ፣ አይቡ ከጎኑ ይሁን። ተለውሶ ከቆየ አይቡ ውሃ ይለቃል፤ ይጎመዝዛል። ለብቻው የተቀመጠ ጎመን ግን ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ዋለና ቤቱ ጾመኛ ከሆነም ያው ጎመን ይሠራል፤ ቅቤው ቀርቶ አንድ ማንኪያ ዘይት በኮረሪማና በነጭ ሽንኩርት ሞቅ ይደረግና በመጨረሻ ይጨመርበታል። አይቡ ለማግስቱ ይቆያል።