ስለ አጭር ጊዜ ሚሽን ደጋግመን የምንሰማቸው ስሕተቶች

ጅማ ላይ የሚሽን ቡድኖችን፣ ማለትም ለጥቂት ቀናት ወንጌል ለማገልገል የሚመጡ ሰዎችን፣ ተቀብዬ አስተናግዳለሁ። ከአዲስ አበባም ይመጣሉ፣ ከውጭም ይመጣሉ። ልባቸው ጥሩ ነው። ይዘውት የሚመጡት የተሳሳተ ሐሳብ ግን አይለወጥም። ሁሌ በቃል ከምመልስ ልጻፈው።

«መንፈስ ከመራን ዝግጅት ምን ያደርጋል?» እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ሚሽን 7 መስፈርቶች ወጥተዋል። የመጀመሪያው እግዚአብሔርን ማእከል ማድረግ ነው። ብቁ መሪ፣ ተገቢ ሥልጠናና የተሟላ አስተዳደርም እዚያው ውስጥ አሉ። ጸሎትና ዕቅድ እርስ በርስ አይጣሉም።

«አማርኛ ይበቃል።» ከተማ ውስጥ አዎ። ገጠር ከወጣችሁ አፋን ኦሮሞ የሚችል አገልጋይ ይኑራችሁ። ወንጌላዊውና ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተመው እኮ እ.ኤ.አ. በ1899 ነው!

«የሕክምና ተማሪዎች ስላሉን እናክማለን።» ፈቃድ የሌለው ሰው አያክምም። ሚሽን ላይም ቢሆን።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው፦ «አጥቢያዋ ተስማምታለች፣ ቀኑን ቆርጠናል።» ማን ነው የቆረጠው? ፕሮግራሙ አዲስ አበባ አልቆ፣ ቲሸርቱ ታትሞ፣ ከዚያ ለሽማግሌዎች ይደወላል። በእኛ አገር እንግዳን አትምጣ የሚል ሽማግሌ ከየት ይመጣል? «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይሏችኋል። እንግዳ አክባሪ ስለሆኑ ነው እንጂ ጊዜው ስለተመቻቸው አይደለም።

አንድ ቡድን አጋሮ አካባቢ ወዳለች አጥቢያ በኅዳር መጣ። ኅዳር የቡና ለቀማ ነው። ቀን ቀን ቤት የሚገኘው አዛውንትና ሕፃን ብቻ ነው። ቡድኑ ቤት ለቤት ሲዞር ይውላል፤ ማታ ደግሞ ከለቀማ ደክሞ የገባውን ሰው ኮንፈረንስ ይጠራል። የወንጌላዊው ባለቤት ፍራሽ ተውሳ አስተኛቻቸው፤ ያዋሷት ሙስሊም ጎረቤቶቿ ናቸው። የዘይቱና የዱቄቱ ዱቤ እንግዶቹ ከሄዱም በኋላ አልተከፈለም ነበር። የቡድኑ ሪፖርት ግን «ምዕመናኑ ቀዝቅዘዋል» ይላል። ሳነበው አንጀቴ አረረ። ሕዝቡ መቼ ቀዘቀዘ? የዓመት ገቢውን እየለቀመ ነበር።

ከመስፈርቶቹ አንዱ ላኪና ተቀባይ አብረው ያቅዱ ይላል። ስለዚህ ቀን ቆርጣችሁ አትደውሉ። መቼ እንደሚመቻቸው፣ ምን እንደጎደላቸው፣ ከእናንተ መምጣት የሚቀድም ነገር እንዳለ ጠይቁ። ሽማግሌዎቹን ብቻ ሳይሆን ወጥ የሚሠሩትን እናቶችም ጠይቁ። የምግብና የማደሪያውን ብር ቀድማችሁ ላኩ። በክረምት ከሆነ ደግሞ የገጠሩ መንገድ መኪና ያስገባ እንደሆነ አጣሩ።

«በአንድ ሳምንት ይህን ያህል ሰው ጌታን ተቀበለ።» እጅ ያነሳ ሁሉ አልተቀበለም። እንግዳ ላለማሳፈር የሚያነሳ አለ። ባለፈው ቡድን ጊዜም ያነሳ አለ። ብዙኃኑ ሙስሊም በሆነበት በእኛ አካባቢ ደግሞ የዚያን ሰው ፎቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ እሱን ከቤተሰቡ፣ አጥቢያዋን ከጎረቤቶቿ ያጋጫል። እባካችሁ አትለጥፉ። ስሙን ለወንጌላዊው ስጡ። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ የት እንደሚያስተምረው ሳትስማሙ መኪና ውስጥ አትግቡ። ከ3 ወር በኋላ ደውላችሁ ስንቱ ትምህርት ላይ እንዳለ ጠይቁ፤ ሪፖርቱንም ያኔ ጻፉ።