የቁንጭር የሥጋት ካርታ ምንድን ነው?

ማለዳ በአንኮበር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ሽኮኮዎች ከቋጥኝ ስንጥቅ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ያያል። ከቋጥኙ ሥር ቤት አለ እንበል፤ ከቤቱ ደጅ ጉንጩ ላይ ወራት ያስቆጠረ ቁስል ያለበት ልጅ ይጫወታል። አገሬው ቁንጭር ይለዋል፣ ሐኪሞች የቆዳ ሌሽማኒያሲስ። የሥጋት ካርታ የሚባለው ሽኮኮውንና የልጁን ጉንጭ ያገናኘው ሁኔታ ሌላ የት የት እንዳለ የሚጠቁም ሥዕል ነው።

በአገራችን ቁንጭርን በአብዛኛው የሚያመጣው ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተሐዋሲ ሲሆን መኖሪያው የሽኮኮ ሰውነት ነው። ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ እንደ ወባ ትንኝ ጥዝ የማትል፣ ከመሸ በኋላ የምትነክስ። ስሟ አሸዋ ይበል እንጂ የምትራባው እርጥበትና ብስባሽ ባለበት ዋሻና ስንጥቅ ነው። ርቃም አትበርም። ስለዚህ በሽታው ቦታ ይመርጣል።

ካርታ ሠሪዎች ይህን ምርጫ ይከተላሉ። ቁንጭር መኖሩ የተረጋገጠባቸው መንደሮች በጂፒኤስ ይመዘገባሉ፤ በላያቸው የከፍታ፣ የተዳፋት፣ የዝናብ፣ የሙቀትና የልምላሜ መረጃ ይደረባል። ኮምፒውተሩ አገሩን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ እያንዳንዱ በሽታው ከተገኘባቸው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ያስቀምጣል። ቁጥሩ ቀለም ይሆናል፤ ወደ 1 የተጠጋው ቀይ ይቀባል እንበል። እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ኢትዮጵያ በታተመ እንዲህ ያለ ጥናት ዋነኛ ጠቋሚ ሆነው የተገኙት ተዳፋት፣ ከፍታና ዓመታዊ ዝናብ ናቸው።

ቀዩ ቀለም ታማሚ አይቆጥርም። ቦታው ለበሽታው ይመቻል ማለት ብቻ ነው። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ስለማያም ሰዉ ጤና ጣቢያ ከመሄድ ይልቅ ጸበል ይጠመቃል፤ መዝገቡም ባዶ ይቀራል። በእኔ ግምት የካርታው ትልቁ ጥቅም ያለው መዝገቡ ባዶ፣ ቀለሙ ግን ቀይ በሆነበት ቀበሌ ላይ ነው። ሄዶ ማየት የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

ሰሜን ሸዋ ለካርታ አትመችም። በሽታው በብዛት የሚታየው ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ባለው ከፍታ ሲሆን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ተሳፋሪ ይህን ቀበቶ በአንድ ጉዞ ከላይ እስከ ታች ያቋርጠዋል። የአራት ማዕዘኑ ጎን 1 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ አፋፉ ላይ ያለው ቤትና ገደሉ ሥር ያለው ቤት አንድ ቀለም ሊቀቡ ይችላሉ። ባለቤቶቹ ግን አንድ አየር እንደማይተነፍሱ ያውቃሉ።

ሌላም ጣጣ አለ። ከንክሻው እስከ ቁስሉ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ብዙ ወራት ያልፋሉ። በገደል ሥር ተነክሶ ደብረ ብርሃን ለቀን ሥራ የመጣ ወጣት እዚያው ቢታከም፣ ነጥቡ ሽኮኮ በሌለበት ሰፈር ላይ ያርፍና ኮምፒውተሩ ስሕተቱን እንደ እውነት ይማረዋል። መዝጋቢው ስምና ዕድሜ ጽፎ ብዕሩን ከማስቀመጡ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጨምር ግን ነጥቡ ወደ ቦታው ይመለሳል፦ «ቁስሉ ከመውጣቱ በፊት የት የት ታድር ነበር?»