አንዴ የሚሰጠው የኤስኤምኤ መድኃኒት ምን ያደርጋል?

ኤስኤምኤ በዘር የሚተላለፍ የነርቭ ሕመም ነው። ኤስኤምኤን1 የተባለው ጂን ሲጎድል፣ ጡንቻን የሚያዙት የአከርካሪ ነርቮች ይሞታሉ። በከባዱ ዓይነት ሕፃኑ አንገቱን ማቅናት ያቅተዋል።

ከሕመሙ መድኃኒቶች ወላጆችን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ዞልጀንስማ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀችው ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው። በደም ሥር አንዴ ይሰጣል፤ የሚሠራ ጂን ያስገባል። የሞተ ነርቭ ግን አያስነሳም። በሕይወት ያለውን ነው የሚያተርፈው። ለዚህ ነው ምልክት ሳይታይ፣ ገና እንደተወለደ ተረከዙን ወግቶ ደሙን መመርመር ይህን ያህል የሚያስፈልገው። የሳምንታት መዘግየት እንኳ ቀላል አይደለም!

ሌሎች ሁለት መድኃኒቶችም አሉ። ስፒንራዛ በወገብ በኩል ይወጋል፤ ከመጀመሪያዎቹ 4 መርፌዎች በኋላ በየ4 ወሩ ይቀጥላል። ኤቭሪስዲ በየቀኑ በአፍ ይወሰዳል። ሁለቱም ኤስኤምኤን2 የተባለውን መጠባበቂያ ጂን ያበረታሉ፤ ለአዋቂም ይሰጣሉ።