ልጇ ታማ «ማረኝ» ያለች እናት

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ አቅጄ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከልጆቼ ጋር መዝሙረ ዳዊት ልናነብ፣ ማታ አብረን ልንጸልይ። ገና ሳምንት ሳይሞላ ታላቁ ልጄ ላይ ጉድፍ ወጣበት።

ጉድፍ የገባበትን ቤት ያየ ያውቀዋል። ሽፍታው ከመታየቱ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል። «ከሌሎቹ ለዪው» ሲሉኝ ነገሩ አልፎ ነበር። በሌላው ልጅ ላይ እስኪወጣ ደግሞ ከ10 እስከ 21 ቀን ይፈጃል። የታላቁ ቁስል ደርቆ መሮጥ ሲጀምር መካከለኛዋ አተኮሳት። እሷ ቀና ስትል ትንሹ ወደቀ። ክረምቱ በዚሁ አለቀ።

አንድ ሌሊት አልረሳም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ትንሹ ቆዳውን እንዳይቧጥጥ እጆቹ ላይ ካልሲ አጥልቄለታለሁ። በካልሲው ፊቴን እየዳበሰ ያለቅሳል። መካከለኛዋ ውኃ ልትጠጣ ተነስታ ብርጭቆውን ደፋችው። ጮኽኩባት። እየተንቀጠቀጠች ቆመች። ገና ከበሽታ የተነሳች ልጅ!

ውኃውን ስጠርግ መጸለይ ፈለግሁ፣ ቃል አጣሁ። «ልጆቼን ማርልኝ» እያልኩ ሳምንታት ሆኖኛል። በዚያች ሰዓት ከአፌ የወጣው «ማረኝ» ብቻ ነው። ወዲያው አፈርኩ። የታመሙት እነሱ፣ ስለራሴ የምለምነው እኔ።

በማግስቱ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን ከፈትኩ። ብዙ ጊዜ ያነበብኩት ታሪክ ነው። ከነናዊቷ ሴት ልጇ ክፉኛ ታማባት ወደ ጌታ መጣች። ምን ብላ ጮኸች? «ጌታ ሆይ፥ የዳዊት ልጅ፥ ማረኝ።» ልጄን ማርልኝ አላለችም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሰገደችና «ጌታ ሆይ፥ እርዳኝ» አለች። የታመመችው ልጅቷ ናት፣ እርዳኝ የምትለው እናቲቱ። ጌታም ለምን ስለራስሽ ትለምኛለሽ ብሎ አልገሠጻትም። በማርቆስ ምዕራፍ 9 ያለው አባትም ልጁን አምጥቶ «እዘንልን እርዳንም» ነው ያለው። ራሱን ከልጁ ጋር ደምሮ።

እህቴ፣ የልጅሽ ትኩሳት አንቺንም ያነድሻል። ጌታ ይህን ያውቃል። ስለዚህ «እርዳኝ» በይው። ለራስሽ መለመንሽ ልጅሽን መርሳት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልለይ። የዚያች ልጅ ሕመም ጋኔን ነበር፤ የእኔ ልጆች የያዛቸው ጉድፍ ነው። በልጅ ሕመም ሁሉ ጋኔን ወይም የእናት ኃጢአት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። እኔም «ምን በድዬ ይሆን?» ብዬ ሌሊቱን ስቆጥር አድሬያለሁ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ሲጠይቁ፣ ጌታ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት ስለሠሩ አይደለም ብሎ መለሰላቸው። ዮሐንስ 9ን አንብቢው። ይህን ሸክም ከላይሽ አውርጂ።

ሐኪም ጋ መሄድም እምነት ማነስ አይደለም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ ሳለ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ቃል ከመጣለት በኋላ እንኳ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ እባጩ ላይ አስደርጎለታል። ጉድፍ ለያዘው ልጅ አስፕሪን አይሰጥም። ትንፋሽ ካጠረው፣ መጠጣት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘና አልነቃ ካለ ደግሞ ሳትዘገዪ ውሰጂው። እየጸለይሽ ውሰጂው።

በከነናዊቷ ሴት ታሪክ ውስጥ የሚከብደኝ ቁጥር 23 ነው። «እርሱ ግን አንዳች አልመለሰላትም።» ይህን በቀላሉ አልፈው የሚያስተምሩ አሉ፤ እኔ አልችልም። የታመመ ልጅ ያላት እናት ጮኻ ዝም ስትባል ምን እንደሚሰማት አሁን አውቃለሁና። ለትንሹ ልጄ የለመንኩት በለመንኩበት ሌሊት አልሆነም። ትኩሳቱ በቀኑ ወረደ፣ ቁስሉም በጊዜው ደረቀ። ሴትየዋ ግን ዝም ስትባል ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ቀረበች። ዝም ያላትን እግሩ ሥር ወድቃ ያዘችው። ያን ሌሊት ከመጸለይ ይልቅ መራቅ ቀሎኝ ነበር፤ የመለሰኝ ያቺ «ማረኝ» የምትል አንዲት ቃል ናት።

ደግሞ «እርዳኝ»ን ለሰውም መናገር አለ። ለእኔ ይሄኛው ነው የከበደኝ። ሕዝቡ ሲዋጋ ወደ ላይ ያነሳው የሙሴ እጅ በከበደ ጊዜ አሮንና ሆር እጁን ከመደገፋቸው በፊት ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት። መጀመሪያ ዐረፍ አለ። ከሳምንታት ድካም በኋላ ለአንዲት እህት ደውዬ «ደክሞኛል» አልኳት። መጣች። ስለ እምነት ምንም አላስተማረችኝም። ትንሹን ተቀበለችኝና «ሂጂ ተኚ» አለችኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ስነቃ ካልሲውን እጁ ላይ እንዳጠለቀ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፤ መካከለኛዋ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሥዕል ትሥላለች። ያን ቀን ልጄን አቅፌ ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ጠየቅኋት።

የዚያችን እናት መጨረሻ ማርቆስ በአጭሩ ነው የጻፈው። ወደ ቤቷ ሄደች፣ ጋኔኑ ወጥቶ ልጇንም አልጋ ላይ ተኝታ አገኘቻት። ከዚያ ምን እንዳደረገች አይነግረንም። እኔ ግን አጠገቧ ጋደም ያለች ይመስለኛል።