የውሻ የሚጥል በሽታና የዲኤንኤ ናሙና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ውሻው በጎኑ ይወድቃል። እግሮቹ ይርገበገባሉ፤ አረፋ ይደፍቃል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው እንኳ ለምርምር የዲኤንኤ ናሙና ስጥ ሲባል ያመነታል። ብዙውን ጊዜ የሚያስቆመው የተሳሳተ ወሬ ነው።

«የኔ ውሻ ጤነኛ ነው፤ የሱ ናሙና ምን ያደርጋል?»

በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። ተመራማሪዎች የታመሙትን ዲኤንኤ ከጤነኞቹ ጋር ያነጻጽራሉ፤ በታመሙት ላይ በርከት ብሎ የሚታየውን ልዩነት ይፈልጋሉ። ጤነኛ ከሌለ በምን ያነጻጽሩ? እዚህ ላይ ዕድሜም ወሳኝ ነው። መንስኤው የማይታወቀው የሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ዛሬ ደህና የሆነ የ2 ዓመት ውሻ ነገ ሊጥለው ይችላል። ያን ዕድሜ በሰላም ያለፈ፣ ከታመሙት ጋር ዝርያው አንድ የሆነ ሽማግሌ ውሻ ግን ወርቅ ነው።

«ያመዋል፤ ያሳዝነኛል»

ለብዙ ጥናቶች የጉንጭ ናሙና ይበቃል። ጥጥ ያለበትን ዘንግ በድዱና በጉንጩ መሃል አስገብቶ ለጥቂት ሰከንዶች ማሽከርከር ነው። ውሻው ቢበዛ ዘንጉን ሊያኝክ ይሞክራል። ከዚያ በፊት ምግብ አይብላ፤ ከሌላ ውሻም ጋር አይላላስ። ደም የሚፈልግ ጥናት ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ይቀዳል።

«መድኃኒት ስለሚወስድ ናሙናው አይሆንም»

ይሆናል። ፌኖባርቢታል የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ውሻው ይዞት የተወለደውን ዘረመል አይለውጥም። ለናሙና ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ፣ አደራ! በድንገት ሲቆም ማባሪያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል።

«ጂኑ ተገኝቶ የለም እንዴ?»

ለአንዳንዱ ዓይነት፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሚኒየቸር ዳክስሁንድ በተባለው የውሻ ዝርያ ላይ የላፎራ በሽታ (በዘር የሚተላለፍ የሚጥል በሽታ ዓይነት) ጂን፣ በ2011 ላጎቶ ሮማኞሎ በተባለው ዝርያ ቡችሎች፣ በ2017 ደግሞ ሮዴዢያን ሪጅባክ በተባለው ዝርያ ላይ ተገኝቷል። በብዙ ዝርያዎች ግን በርካታ ጂኖች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ድርሻ እንዳላቸው ይታመናል። እነሱን ለይቶ ለማውጣት ብዙ ናሙና ያስፈልጋል።

«ውጤቱ የኔን ውሻ ያድነዋል»

አያድነውም፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም፦ አብዛኛውን ጊዜ ለግል የሚሰጥ ውጤት የለም። ጥቅሙ ገና ለሚወለዱት ነው።

«ናሙናውን ሰጠሁ፤ ጨረስኩ»

ጤነኛ ተብሎ የተመዘገበ ውሻ ከዓመታት በኋላ ቢጥለው ለተመራማሪዎቹ ደውላችሁ ንገሯቸው። ካልነገራችሁ ከጤነኞቹ ጋር እየተቆጠረ ንጽጽሩን ያዛባል።