አዲስ ጄት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ፦ ስለ ፈርስት ፍላይት እና ስለሚያብዱለት ሰዎች

ፈርስት ፍላይት ማለት አንድ አዲስ የመንገደኛ ጄት ሞዴል ተሰርቶ ካለቀ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት የሚነሳበት በረራ ነው። ተሳፋሪ የለውም፣ ሆስተስ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ወንበር ራሱ አልተገጠመም፣ በወንበር ፋንታ የውሃ ታንክ እና ኮምፒውተር እና የሽቦ መዓት ነው ያለው። የትም አይሄድም ደሞ፣ ከፋብሪካው ደጅ ተነስቶ ሶስት አራት ሰዓት ዞር ዞር ብሎ ያርፋል። በቃ ነገርየው ይሄው ነው። እንደ ትርኢት ካየነው ደባሪ ነው እንደውም፣ ግን የአውሮፕላን ወዳጆች ስራ ቀርተው፣ ብርድ ላይ ቆመው፣ እንቅልፍ አጥተው የሚያዩት ይሄንኑ ነው። ከሰርግ ቢበልጥባቸው አይገርምም፣ ሰርግ እንኳን ካርድ ከተበተነ በኋላ ቀኑ አይነካም፣ ፈርስት ፍላይት ግን ህዝቡ ከተሰበሰበ በኋላ ነፋሱ አልተመቸንም ተብሎ ወደ ቤታችሁ ይባላል። (ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ሰዓቱን ግን በእኛ።)

በእኔ እይታ ከሁሉም ትልቁ ቀን ኤፕሪል 27 ቀን 2005 ነው፣ ደቡብ ፈረንሳይ ቱሉዝ ላይ ኤርባስ ኤ380 የተነሳበት። ባለ ሁለት ፎቅ፣ አራት ሞተር፣ 22 ጎማ ያለው ነገር፣ ብዙ ሰው ፎቶውን እያየ እንኳን ይሄ እውነት ይበራል ወይ ይል ነበር። የዛን ቀን ብላኛክ ኤርፖርት ዙሪያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ህዝብ አጥር ላይ ተደርድሮ፣ መኪና ጣራ ላይ ወጥቶ ሲጠብቅ ቆይቶ ጠዋት 4 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ላይ (ለእኛ 5 ሰዓት ከ29 መሆኑ ነው) 421 ቶን ሆኖ ተነሳ። ያኔ ከተነሱት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሁሉ ከባዱ ክብደት ነበር። ውስጡ የነበሩት ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ካፒቴኖቹ ዣክ ሮዜ እና ክሎድ ሌሌ፣ ሌሎቹ አራቱ የሙከራ በረራ ኢንጂነሮች፣ ሁሉም ብርቱካናማ ቱታ ለብሰው፣ ፓራሹት ተዘጋጅቶላቸው። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ፓራሹት! ይሄ ነገር ነው ሰውን የሚይዘው። አንተ ነገ ፊልም እያየህ፣ ዶሮ ወይስ ፓስታ እየተባልክ የምትቀመጥበት አውሮፕላን ዛሬ ሰው ፓራሹት ይዞ ነው የሚገባበት።

3 ሰዓት ከ54 ደቂቃ አየር ላይ ቆየ፣ በሰላም አረፈ፣ ቱሉዝ ጨፈረች።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ግር የሚለው አንድ ነገር አለ፣ እነዚህ አውሮፕላኖች ሲነሱ ጎማቸውን ቶሎ አያጥፉም። ቪዲዮ ላይ የሚያይ ሰው ጎማው ተበላሸ እንዴ ይላል። አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። የመጀመሪያው በረራ ስራ ማሳየት አይደለም፣ አንድ በአንድ መፈተሽ ነው፣ መጀመሪያ ፍላፑ (ቀስ ብሎ ለመብረር ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ወጥቶ ጎማው ወርዶ ቀስ ብሎ ይበራል፣ መሪው እንደታሰበው መታዘዙ ይታያል፣ ከዛ ከፍታ ከተያዘ በኋላ ጎማ ይታጠፋል፣ ፍላፕ ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል። ጎማው ባይወጣስ? ለዛ ነው እንግዲህ መጀመሪያ ላይ የማይነካው። ጎን ለጎን ደሞ አጃቢ ትንሽ አውሮፕላን አለች፣ ከውጭ ሆና የምታይ፣ የሚፈስ ነገር ካለ፣ የተላቀቀ ክዳን ካለ የምትናገር፣ ቪዲዮ የምትቀርጽ። ከመሬት ደግሞ አንድ ክፍል ሙሉ ኢንጂነር አውሮፕላኑ የሚልከውን ዳታ በቀጥታ እያየ ተቀምጧል። ከዚህ ቀን በፊት ለሳምንታት ታክሲ እያደረጉ (መሬት ላይ በጎማው እየነዱት ማለት ነው)፣ ፍጥነት እየጨመሩ ድንገት ፍሬን እየያዙ ሞክረውታል፣ የአፍንጫውን ጎማ ከአስፋልት ብድግ አድርጎ መመለስ ድረስ የሚኬድበት ጊዜ አለ፣ ስፖተር የሚባሉት አውሮፕላን እየተከታተሉ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ያንንም አጥር ስር ቆመው ይቆጥራሉ። ፈጣን ታክሲ አደረገ ከተባለ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው።

የቀኑ መንሸራተት ነገር ሲነሳ ድሪምላይነር የሚባለውን የቦይንግ 787 የሚያህል የለም። ቦይንግ ድሪምላይነሩን ለህዝብ ያሳየው ጁላይ 8 ቀን 2007 ነው፣ አሜሪካኖቹ ወር አስቀድመው ስለሚጽፉ 7/8/07 ሆኖ እንዲገጥም ተብሎ። ቆንጆ ቀን፣ ቆንጆ ቀለም፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አጨበጨበ። ችግሩ ያ አውሮፕላን ውስጡ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፣ ብዙው ቦታ ላይ የተያያዘው በጊዜያዊ ብሎን ነው፣ በኋላ ሊፈታ። በዛው ዓመት ይበራል የተባለው ሳይሆን ቀረ፣ በሚቀጥለውም አልሆነ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ተንከባሎ ዲሴምበር 15 ቀን 2009 ላይ ነው ከሲያትል ሰሜን ኤቨረት ከሚገኘው ፔይን ፊልድ የተነሳው። ሰማዩ ጨፍግጎ ነበር፣ ዝናብ ነበር (ሲያትል የሚኖሩ ሀበሾች ዲሴምበር እንዴት እንደሆነ ያውቁታል)፣ ካፒቴን ማይክ ካሪከር እና ራንዲ ኔቪል ሁለት ብቻ ሆነው ጠዋት 4 ሰዓት ከ27 ላይ አነሱት፣ አዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት ከ27 ነበር። ረዘም አድርጎ ለመቆየት ታስቦ አየሩ ስላስቸገረ ወደ ሶስት ሰዓት በኋላ ቦይንግ ፊልድ አረፈ። አጃቢዎቹ ቲ-33 የሚባሉ የ1950ዎቹ ጄቶች ነበሩ፣ በካርቦን ፋይበር የተሰራውን የዘመኑን አዲስ አውሮፕላን አያቱ የሚሆን ጄት አጅቦት መሄዱ ለእኔ የቀኑ ምርጥ ነገር ነው።

የዛን ቀን ክንፉን ያየ ሰው አይረሳውም። መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የነበረው ክንፍ ልክ ክብደቱን ሲሸከም እንደ ቀስት ወደ ላይ ጎበጠ፣ እስከዛ ድረስ በኮምፒውተር ስዕል ብቻ የታየ ነገር።

ኤርባስ መልሱን ይዞ የመጣው ጁን 14 ቀን 2013 ነው፣ ኤ350 ከቱሉዝ ተነስቶ 4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በረረ፣ የፓሪሱ ኤር ሾው ሊጀመር ሶስት ቀን ሲቀረው። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ይበል። የመዝገብ ቁጥሩ ኤፍ-ደብልዩኤክስደብልዩቢ ነው፣ ፈረንሳይ ውስጥ ለሙከራ አውሮፕላን ከኤፍ ቀጥሎ ደብልዩ ይሰጣል፣ የኤ380ው ደግሞ ኤፍ-ደብልዩደብልዩኦደብልዩ ነበር፣ መጨረሻዎቹን ሶስት ፊደሎች አንድ ላይ አንብቧቸው፣ "ዋው" ነው የሚሉት፣ ሰዎቹ ቀልድ ያውቃሉ። ስፖተር ይሄን ሁሉ በቃሉ ነው የሚይዘው። ተራ ሰው አውሮፕላን ነው የሚያየው፣ ስፖተሩ የሚያየው የጭራውን ቁጥር፣ የፋብሪካውን ተከታታይ ቁጥር እና የሞተሩን ዓይነት ነው። በዚህ ላይ የቦይንግ እና የኤርባስ ወገን መለየት አለ፣ የጊዮርጊስ እና የቡና ደጋፊ አንድ ታክሲ ውስጥ ሲገናኝ በሉት። የአንዱ ፈርስት ፍላይት ቀን የሌላው ደጋፊ "እስኪ ሰርተፊኬት ያግኝና እናያለን" እያለ ይቀመጣል፣ ግን ቪዲዮውን ያየዋል፣ ሁሉም ያየዋል።

አሁን አሁን ነገሩ ቀሏል። ፍላይትራዳር24 (አውሮፕላኖችን በቀጥታ ካርታ ላይ የሚያሳይ ድረ ገጽ) ላይ ያቺ ቢጫ አውሮፕላን ስትንቀሳቀስ ከአዲስ አበባም ከዱባይም ከቴል አቪቭም እኩል ይታያል፣ አውሮፕላኑ ራሱ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ እየላከ ስለሆነ። ድሮ ግን ቦታው ላይ ካልነበርክ አለቀ። ጁላይ 27 ቀን 1949 የዓለም የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት፣ የእንግሊዙ ኮሜት፣ ሃትፊልድ ላይ ሲነሳ (አብራሪው ጆን ካኒንግሃም የዛን ቀን 32 ዓመት ሞላው፣ የልደት ስጦታ ይሏል ይሄ ነው) 31 ደቂቃ ነው የበረረው። 1969 ደሞ የጉድ ዓመት ነበር፣ ፌብሩዋሪ 9 ላይ ግዙፉ ቦይንግ 747 ተነሳ፣ አንድ ፍላፕ አስቸገረና በረራውን አሳጠሩት፣ ሶስት ሳምንት ቆይቶ ማርች 2 ላይ ከድምፅ የሚፈጥነው ኮንኮርድ በአንድሬ ቱርካ አብራሪነት ከቱሉዝ ተነሳ። በአንድ ወር ውስጥ ትልቁም ፈጣኑም።

እኛ ሀገር የዚህ ሁሉ ትርጉም ትንሽ ይለያል። እዚህ ፋብሪካ የለም፣ ስለዚህ የኛ ደስታ ፈርስት ፍላይት ላይ ሳይሆን አውሮፕላኑ መጀመሪያ ቦሌ ሲያርፍ ነው፣ የእሳት አደጋ መኪኖቹ ከግራ ከቀኝ ውሃ እየረጩ ሲቀበሉት። ቦሌ ራሱ የተሰራው በጄት ምክንያት ነው፣ የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት ስላልበቃ፣ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720ዎቹን ሊያመጣ ነበርና። ኦገስት 2012 ላይ የመጀመሪያው 787 ሲገባ ከጃፓን ቀጥሎ ነበርን፣ በአፍሪካ ደግሞ አንደኛ፣ ጁን 2016 ኤ350ም እንደዛው። የሚያስቀው ነገር፣ አውሮፕላን ወዳጅ እዚህም ሞልቷል ግን ኤርፖርት አጠገብ ትልቅ ካሜራ አውጥቶ መቆም ቀላል ስላልሆነ የኛ ስፖተር ብዙ ጊዜ ፎቅ ላይ ሆኖ በስልክ የሚያነሳ ነው። ድምፁን ሰምቶ "ይሄ 777 ነው" የሚል ልጅ ቦሌ ሰፈር አይጠፋም።

ከሁሉም በላይ ከኛ ጋር የተያያዘው ግን የቦይንግ 777ኤክስ ነው፣ በማያስደስት መንገድ። ቦይንግ ይሄን አውሮፕላን ለህዝብ ሊያሳይ የቆረጠው ቀን ማርች 13 ቀን 2019 ነበር። ማርች 10 ላይ ኢቲ302 ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፣ 157 ሰው አለቀ። ዝግጅቱ ተሰረዘ፣ ለሰራተኞች ብቻ ሆኖ ያለ ጭብጨባ አለፈ። ስለዚህ ያ አውሮፕላን ከሀንጋር የወጣበት ፎቶ ለኛ ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሰን። ከዛ ሞተሩ ላይ ችግር ተገኘና ዓመቱ አለቀ፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ይበራል ተባለ፣ አየሩ እምቢ አለ፣ 24 ላይ ሰዓታት ሲጠብቁ ውለው ነፋሱ እምቢ አለ፣ ቅዳሜ 25 ላይ ጠዋት 4 ሰዓት ከ9 ተነሳ። ሶስቱንም ቀን ማታ ማታ ስክሪን ላይ የተጣደ ሰው እዚህ አዲስ አበባም ነበር። ካፒቴን ቫን ቼኒ እና ክሬግ ቦምበን 3 ሰዓት ከ51 ደቂቃ አበረሩት። ሞተሩ ለብቻው ጉድ ነው፣ የፊት ማራገቢያው ዲያሜትር 3.4 ሜትር ገደማ፣ የ737 አካል ስፋት ራሱ ከዛ ትንሽ ነው የሚበልጠው። ክንፉ ደሞ ጫፉ ይታጠፋል፣ ተዘርግቶ ወደ 72 ሜትር ስለሚደርስ 65 ሜትር በተፈቀደበት የኤርፖርት መቆሚያ አይገባም ነበር፣ ሲታጠፍ ይገባል። ለመነሳት ወደ መንደርደሪያው ሲጠጋ ጫፉን ሲዘረጋው ማየት፣ ስፖተሮቹ ዋናውን መነሳት ትተው እሱን ነው ደጋግመው የሚያዩት። ኢትዮጵያ አየር መንገድ ማርች 2024 ላይ ስምንት 777-9 (የ777ኤክስ አንዱ ሞዴል) አዟል፣ ሌላ እስከ 12 ከመጨመር መብት ጋር፣ አሁንም ከአፍሪካ መጀመሪያ።

ግን መቼ ይመጣል? እዚህ ላይ ነው ፈርስት ፍላይት የሚያሞኘው። 777ኤክስ ከበረረ በኋላ ወረፋው እየተገፋ እየተገፋ አሁን 2027 እየተባለ ነው። የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ጄት ኖቬምበር 11 ቀን 2015 ናጎያ ላይ ሲነሳ ሰው አልቅሷል፣ ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ አንድም ተሳፋሪ ሳይጭን። የቻይናው ሲ919 ሜይ 5 ቀን 2017 ሻንጋይ ላይ 79 ደቂቃ በረረ፣ ቲኬት የቆረጠ ሰው የጫነው ግን ሜይ 2023 ላይ ነው። ያ ሁሉ ሰው የጨፈረለት ኤ380 251 ብቻ ለደንበኛ ተሰጥቶ የመጨረሻው ዲሴምበር 2021 ላይ ወጣ። 787 ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ በ2013 ደሞ በባትሪው ምክንያት በመላው ዓለም ታግዶ፣ እገዳው ሲነሳ መጀመሪያ ተሳፋሪ ጭኖ የበረረው የኛው ነው፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ ኤፕሪል 27፣ ኤ380 በተነሳበት ቀን በስምንተኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። አሁን ቁጥሩ ከሺህ በላይ ሆኖ ሰማዩን ሞልቶታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ላይ የነበረው ጭብጨባ ስለ ገበያው ምንም አይናገርም፣ ስፖተሩም ይሄን ያውቃል፣ ግድ የለውም።

እነዚያ መጀመሪያ የተነሱት አውሮፕላኖች ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ አየር መንገድ አይገዛቸውም፣ ለሙከራ ተበልተው ስላለቁ። የመጀመሪያው 787 አሁን ናጎያ ኤርፖርት ውስጥ ህንጻ ተሰርቶለት ቆሟል፣ ህጻናት ከስሩ ምግብ ይበላሉ። ሶስተኛው ሲያትል ሙዚየም ኦፍ ፍላይት አለ፣ ገብቶ መንካት ይቻላል። ሁለተኛው 787 በጃፓኑ አየር መንገድ በኤኤንኤ ቀለም ዲሴምበር 22 ቀን 2009 ላይ ነበር መጀመሪያ የተነሳው፣ ከዋናው ቀን ልክ ሳምንት ቆይቶ። የሱን ቀን ሳይጠየቅ የሚነግራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ በቃ ስፖተር ማለት እሱ ነው።