የሰሜን ሸዋ መድኃኒት ዕፅዋትና ዝልግልግ ፖሊሳካራይዶቻቸው

ፖሊሳካራይድ ብዙ የስኳር ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ስታርችና ሴሉሎስም የዚሁ ወገን ናቸው፤ በመድኃኒት ዕፅዋት ጥናት ስሙ ሲነሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ውሃ ሲነካው የሚያብጠው፣ ዝልግልግ የሚለው ዓይነት ነው። ስሙ ባይታወቅም ነገሩን የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ቤት የለም። የተልባው፣ የአብሹ፣ የፌጦውና የእሬቱ ዝልግልግነት ሁሉ ከዚሁ ይመጣል። እነዚህ ፖሊሳካራይዶች በሽታ የመከላከል አቅምን ያጎለብታሉ፣ አንቲኦክሲዳንትም ናቸው፣ ማለትም ህዋስን የሚጎዱትን ፍሪ ራዲካል የተባሉ ሞለኪውሎች ያበርዳሉ ሲባል ይሰማል።

እዚህ የሚወሳው መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልል ዞን ነው፤ በኦሮሚያም በዚሁ ስም የሚጠራ ዞን አለ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ቁልቁል የወረደ ሰው ከውርጭ ወጥቶ በዚያው ቀን ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ይደርሳል። ደጋውና ቆላው እንዲህ መቀራረባቸው የዕፅዋቱን ብዛት ያስረዳል፤ በአንኮበር ወረዳ ብቻ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ሰው የሚታከምባቸውን 135 ዝርያዎች መዝግቧል።

ፖሊሳካራይድን በዓይን ማየት ለፈለገ ከአብሽ የተሻለ አስተማሪ የለም። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ከላይ የጠለለው መራራ ውሃ ይደፋና ከሥር የቀረው ይመታል። መጀመሪያ ቢጫ ጭቃ ይመስላል። እጅ እስኪዝል ሲመታ እየነጣና እየተነፋ ሄዶ ሳህኑን ይሞላዋል። ያን ሁሉ ውሃና አየር ይዞ የቆመው በዋናነት ጋላክቶማናን የተባለው ፖሊሳካራይድ ነው፤ ማኖስ ከተባለ ስኳር በተሠራ ግንድ ላይ ጋላክቶስ የተባለ ሌላ ስኳር እንደ ቅርንጫፍ ተቀጥሎበታል። በአብሽ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በቁጥር ሊተካከል ምንም አይቀረውም፤ በውሃ በቀላሉ የሚሟሟውም ስለዚህ ነው። አንጀት ውስጥም ያው ዝልግልግነት ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ለዚህ በሰው ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ ስለ በሽታ መከላከል ከሚወራው ይልቅ እኔ የማምነው ይህን ነው።

የተልባ ዝልግልግ ያለው ከፍሬው ቅርፊት ላይ ነው። አራቢኖዛይላን የተባለው ፖሊሳካራይድና ፔክቲን የተባለውን የፍራፍሬ ፖሊሳካራይድ የሚመስል አሲዳማ ዘመዱ አብረው ይገኙበታል። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ እንዲሉ፣ ተቆልቶ ሲወቀጥ ዘይቱም ቅርፊቱም ስለሚደባለቁ የተበጠበጠ ተልባ ለጨጓራ የሚሰጠውን እፎይታ ለአንዱ ብቻ ማሸከም ይከብዳል። ፌጦም ውሃ ሲነካው ወዲያው ዝልግልግ ይለብሳል።

በእሬት ላይ አንድ ስህተት ተደጋግሞ ይሰማል። ልጅ ጡት ለማስጣል የሚቀባው፣ “እንደ እሬት መረረኝ” የሚያሰኘው ምሬት ከቅጠሉ ልጥ ሥር ከሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ የሚመጣ ነው፤ እሱ ሆድ የሚያስቀምጥ ሌላ ኬሚካል ነው። ፖሊሳካራይዱ ያለው ምንም ጣዕም በሌለው መሃለኛው ጄል ውስጥ ሲሆን አሴማናን ይባላል። የጄሉ 99 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ ከሚበቅሉት የእሬት ዝርያዎች አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ አሎ ደብራና ነው፤ ስሙን ያገኘው ከደብረ ብርሃን ነው።

መድኃኒት ብሎ የሚጠራው ባይኖርም ገብስን መዝለል አይቻልም። የመንዝ ሰው በሶውን ሲጨብጥ ቤታ ግሉካን የተባለ ፖሊሳካራይድ ይበላል። ከገብስ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ከገብስ ማግኘት ኮሌስትሮልን በመቀነስ የልብ ሕመምን ስጋት ሊያሳንስ እንደሚችል ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል።

በሽታ የመከላከል አቅምን ያጎለብታሉ የሚባለው ከየት መጣ? ማክሮፋጅ የሚባሉት ነጭ የደም ህዋሳት ከላያቸው የተወሰኑ የስኳር ቅርጾችን የሚለዩ ተቀባዮች አሏቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዴክቲን 1 የእርሾንና የእንጉዳይን ቤታ ግሉካን ሲያገኝ ህዋሱ ጠላት የገባ ያህል ይነቃል። ጃፓን ከእንጉዳይ የወጣውን ሌንቲናን ከካንሰር ሕክምና ጋር ስትጠቀምበት ቆይታለች፤ ይሰጥ የነበረው ግን በመርፌ ነው። የገብስ ሰንሰለት አያያዝ ከእንጉዳዩ ይለያል፤ ስለዚህ የአንዱን ዝና ለሌላው ማውረስ አይገባም። በአፍ የተወሰደው እንዲህ ያለ ፖሊሳካራይድ፣ እንደ ስታርች ሳይሆን፣ በአብዛኛው ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች አብላልተው አጫጭር የስብ አሲዶች ያደርጉታል፤ የአንጀትን ግድግዳና የመከላከያ ህዋሳትን የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው።

የአንቲኦክሲዳንቱ ነገር የበለጠ ጥርጣሬ ይፈልጋል። የተለመደው ሙከራ ዲፒፒኤች የተባለ ሐምራዊ ቀለም ያለው ፍሪ ራዲካል ላይ የዕፅዋቱን ጭማቂ ጨምሮ ቀለሙ ምን ያህል እንደደበዘዘ መለካት ነው። በደንብ ያልጠራ ፖሊሳካራይድ ግን ፌኖል የተባሉ ውህዶችንና ፕሮቲንን አዝሎ ስለሚወጣ ቀለሙን ያደበዘዘው ማን እንደሆነ አይለይም። በመከላከያ ህዋሳት ሙከራም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፤ ከባክቴሪያ የመጣ ኢንዶቶክሲን የተባለ መርዝ ጥቂት እንኳ ናሙናው ውስጥ ከገባ ህዋሳቱን እሱው ቀስቅሶ ምስጋናውን ተክሉ ይወስዳል።

ለስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽ ሲያዘወትር ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ለሐኪሙ ቢነግር ይሻላል። ተልባና አብሽ ከእነሱ ጋር የተዋጠውን ኪኒንም ሊያዘገዩት ስለሚችሉ አራርቆ መውሰድ ይመከራል።

ቤተ ሙከራው ፖሊሳካራይድን የሚያወጣበት መንገድ ለጓዳ ሩቅ አይደለም፤ ተክሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ማጥለል ነው። ከዚያ በጠለለው ላይ ሦስት አራት እጥፍ አልኮል ሲፈስበት እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ከውሃው ይለያል፤ የተፈለገው እሱ ነው። ፖሊሳካራይድ ውሃ ይወዳል፣ አልኮል ይሸሻል። ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ዘፍዝፎ የሚያኖር ሰው ከጠርሙሱ ሽታውንና ማቃጠሉን ያገኛል፤ የሽንኩርቱ ፍሩክታን የተባለው ፖሊሳካራይድ ግን፣ በተለይ አረቄው ዳግም ከሆነ፣ ከፊሉ እዚያው ፍሬው ውስጥ ይቀራል።